ሌሊት በ8 ሰዓት መተኛትና የተዛባ የወር አበባ

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ማታ ቤት የምገባው 2 ሰዓት አካባቢ ነው። እራት ሠርቼ፣ በልቼ፣ ቤቱን አስተካክዬ ስልኬን ይዤ ጋደም እላለሁ፤ ዓይኔን የምከድነው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። የጎደለኝን ቅዳሜና እሁድ እሞላዋለሁ፤ ሌሊት 9 ሰዓት ተኝቼ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት አልነሳም። ካለፉት ስምንት ወራት ወዲህ የወር አበባዬ በ40 ቀን፣ አንዳንዴም በ50 ቀን ይመጣል። አገጬ ላይ ብጉር ወጥቷል፤ 5 ኪሎ ጨምሬአለሁ። ጓደኛዬ “ሆርሞንሽ ተዛብቷል፣ በጊዜ ተኚ” ብላ ሆርሞን ያስተካክላል የሚባል የቅጠል ሻይ ገዛችልኝ። ዋናው የምተኛው የሰዓት ብዛት ነው ወይስ የምተኛበት ሰዓት? በጊዜ ብተኛስ ይስተካከልልኛል?

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ ጓደኛዎ ከነገረችዎ ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። የምንተኛበት ሰዓት ሆርሞኖቻችንን ይነካል፤ እርስዎ የገለጹልኝ ዓይነት አተኛኘት ደግሞ በተለይ ይነካል። ሆኖም ስምንት ወር የቆየ የወር አበባ መዛባት “የእንቅልፍ ነገር ነው” ተብሎ አይታለፍም፤ መመርመር አለብዎት። ሻዩን ይተዉት። ምንነቱ ያልተጻፈበትን ቅጠል ምክንያቱ ባልታወቀ ችግር ላይ ከጨመርንበት፣ ነገ የሚመጣው ለውጥ ከየት እንደመጣ ማንም ሊነግረን አይችልም።

አንድ የገጠመኝን ነገር ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ነርስ የወር አበባዋ ተዛብቶባት ወደ እኔ መጣች። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነበር፤ ደሟን ላቦራቶሪ ሰጥታ በቀጥታ ወደ ምርመራ ክፍሌ ነበር የመጣችው። ስናወራ ዓይኗ እየተከደነ ያስቸግራታል፤ ግራ ጉንጯ ላይ የትራስ ስፌት ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ሲደርሰኝ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ከመደበኛው ልክ ከፍ ብሏል። ፕሮላክቲን ጡት ወተት እንዲያመርት የሚያደርግ ሆርሞን ነው። ያለ እርግዝናና ያለ ማጥባት ከፍ ሲል የወር አበባን ያዛባል፤ አንዳንዴም ፒቱታሪ በሚባለው የአንጎል ዕጢ ላይ እባጭ መኖሩን ያመለክታል። ነርስ ናትና ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ ስልክ ደውዬ ስነግራት ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ያ የጉንጯ ምልክት ግን ትዝ አለኝና “ሲስተር፣ ደም የሰጠሽው ከእንቅልፍ ከተነሳሽ ምን ያህል ቆይተሽ ነው?” አልኳት። የሌሊት ተረኛ ነበረች። ንጋት ላይ በተረኞች ክፍል ሸለብ አድርጓት ተቀስቅሳ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ ወርዳለች። ፕሮላክቲን ደግሞ በተኛንበት ከፍ ብሎ ከነቃን በኋላ ቀስ እያለ የሚወርድ ሆርሞን ነው። ከሳምንት በኋላ አንድ ሌሊት ቤቷ በደንብ ተኝታ፣ ከነቃች ሦስት ሰዓት ቆይታ ደሟ እንደገና ተቀዳ። ውጤቱ ልክ ነበር።

ሆርሞን ሰዓት እንደሚያውቅ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። የጭንቀት ሆርሞን ለሚባለው ለኮርቲሶል ምርመራ “ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ይምጡ” የምንለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኮርቲሶል እኩለ ሌሊት አካባቢ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት ጀምሮ መውጣት ይጀምራል፤ ከነቃን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። የኮርቲሶል መብዛት በሽታ የተጠረጠረበትን ሰው ምራቅ የምንወስደው ደግሞ በተቃራኒው ሌሊት 5 እና 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ዝቅ ማለት በሚገባው ሰዓት ዝቅ ካላለ አንድ ነገር አለ ማለት ነውና። በየሳምንቱ ተራው እየተቀያየረ ሌሊት በሚሠራ ሰው ላይ ግን ይህ ምርመራ አያስተማምንም።

ይህን ሁሉ የሚመራው ሰዓት አንጎል ውስጥ፣ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ከሚቋረጡበት ቦታ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከስንዴ ፍሬ ያነሰ፣ 20 ሺህ ገደማ የነርቭ ሴሎች ያሉት ክፍል ነው። ሴሎቹ በውስጣቸው 24 ሰዓት እንዴት እንደሚቆጥሩ፣ የፍራፍሬ ዝንብን በማጥናት ያሳዩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ሰዓት በየቀኑ ጥቂት ይዛነፋል፤ የሚያስተካክለውም በዋናነት በዓይን የሚገባ ብርሃን ነው። እዚህ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። ቀናችንን የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ነው፤ ፀሐይዋም ዓመቱን ሙሉ ከሰዓቷ ብዙ አታፈነግጥም። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ስቶክሆልም የሚኖር ወገናችን በታኅሣሥ ፀሐይ የሚያየው ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው፤ ከዚያ በፊት ሥራ ገብቷል፣ ሲወጣም ጨልሟል። እርስዎ ግን መጋረጃዎን መግለጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎት።

ብዛቱ ነው ወይስ ሰዓቱ? ሆርሞኖች በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ናቸው፤ አንዳንዶቹ እንቅልፍን ይከተላሉ፣ አንዳንዶቹ ሰዓትን ይከተላሉ።

የዕድገት ሆርሞን እንቅልፍን ይከተላል። አዋቂ ሰው ላይም ጡንቻን የሚጠግንና ስብን የሚያቃጥል ሆርሞን ነው። ትልቁ ሞገድ የሚለቀቀው እንቅልፍ እንደወሰደን፣ በመጀመሪያው ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ነው፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። “የዕድገት ሆርሞን የሚወጣው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ብቻ ነው፤ ያኔ ያልተኛ አመለጠው” ሲባል ሰምተው ከሆነ ትክክል አይደለም። ሌሊት 8 ሰዓት ቢተኙም ይመጣል። ፕሮላክቲንም ነርሷ ላይ እንዳየነው በአብዛኛው ከእንቅልፍ ጋር ይሄዳል።

ሜላቶኒንና ኮርቲሶል ግን የሰዓቱ ታዛዦች ናቸው። ሜላቶኒን አንጎል መካከል ካለችው ፓይኒያል ዕጢ ይወጣል፤ ከተለመደው መኝታችን ሁለት ሰዓት ገደማ ቀድሞ መነሳት ይጀምርና ሌሊቱን ሙሉ ከፍ እንዳለ ያድራል። ለመላው ሰውነት “መሽቷል” የሚል መልእክት ነው። እነዚህ ሁለቱ፣ ዛሬ እንግዳ ስለመጣ ወይም ፊልሙ ስላላለቀ ቆመው አይጠብቁንም። የእንቅርት ዕጢን የሚያዝዘው ሆርሞን ደግሞ በሁለቱም ገመድ ታስሯል፤ ሰዓቱ ምሽት ላይ ሽቅብ ይስበዋል፣ እንቅልፍ ቁልቁል ይይዘዋል። ዓይኑን ሳይከድን ያደረ ሰው ላይ ከፍ እንዳለ ያነጋል።

በጊዜ መተኛት የምለው እንግዲህ እነዚህ ሁለት ወገኖች በየሌሊቱ እንዲገናኙ ማድረግን ነው። ሰዓቱ የሚያዘው ሆርሞን ሥራውን ሲጀምር እንቅልፍ የሚያመጣውም አጠገቡ ይገኛል። ሁለቱ ሲራራቁ እያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል፤ ችግሩ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

በእርስዎ ቤት ምን እየሆነ ነው? ማታ 2 ሰዓት ገብተው እስከ 8 ሰዓት ድረስ መብራት ስር ነዎት፤ መጨረሻው ላይ ስልኩ ከፊትዎ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት 116 ጤነኛ ወጣቶች ከመኝታ በፊት ያለውን ምሽት አንድ ጊዜ በተለመደ የክፍል መብራት፣ አንድ ጊዜ በጣም ደብዛዛ በሆነ ብርሃን አሳለፉ። የክፍሉ መብራት ሜላቶኒናቸው ከፍ ብሎ የሚቆይበትን ጊዜ በ90 ደቂቃ ገደማ አሳጠረው። ልብ ይበሉ፣ ይህ ተራ የሳሎን መብራት ነው። እንዲህ ሲደጋገም የአንጎልዎ ሰዓት ወደኋላ ይጎተታል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ደወሉ ሲጮህ ለሰውነትዎ ገና አልነጋም። ቁርስ የሚበሉት ሜላቶኒን ከደምዎ ሳይወጣ ነው፤ ሜላቶኒን ደግሞ የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን እንዳይለቀቅ ይዞ ያቆያል። ያው ዳቦ፣ ያው ሻይ፣ በሌላ ሰዓት ቢበሉት ከሚያደርገው በላይ የደም ስኳርዎን ከፍ ያደርጋል።

ከዚያ ቅዳሜ ይመጣል። በሥራ ቀን የእንቅልፍዎ እኩሌታ የሚውለው ንጋት 11 ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ነው፤ በእረፍት ቀን ደግሞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ። ልዩነቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው። አዲስ አበባና ሌጎስ በሁለት ሰዓት ይለያያሉ፤ እርስዎ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ሌጎስ ሄደው እሁድ ማታ እንደሚመለሱ ይቁጠሩት። ሰኞ ጠዋት የሚሰማዎት ድካም የስንፍና አይደለም። የሳምንቱን ጉድለትም ቢሆን አይሞሉትም። አምስቱ ቀን አምስት ሰዓት ተኩል፣ ሁለቱ ቀን ስምንት ሰዓት ሲደመርና ለሰባት ሲካፈል ስድስት ሰዓት ከሩብ እንኳ አይሞላም። ለአዋቂ የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሱ ሁለቱም ነው፤ ብዛቱም ጎድሎብዎታል፣ ሰዓቱም ይዋልላል።

የ5 ኪሎው ነገር ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 11 ወጣት ወንዶች ለስድስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ፣ ስኳርን ከደማቸው የማስወገድ ፍጥነታቸው በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ማታ ላይ ሊወርድ የሚገባው ኮርቲሶላቸውም ከፍ አለ። በ2004 ያው ቡድን በ12 ወንዶች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ሁለት ሌሊት አራት ሰዓት ብቻ ሲተኙ “ጠግበሃል” የሚለው ሌፕቲን በ18 በመቶ ወረደ፣ “ብላ” የሚለው ግሬሊን በ28 በመቶ ጨመረ። ሐቁን ለመናገር፣ በኋላ የመጡ ጥናቶች የሌፕቲኑን ውጤት ሁልጊዜ አልደገሙትም። እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ በ2022 የታተመው ነው። በቀን ከስድስት ሰዓት ተኩል በታች የሚተኙ፣ ክብደታቸው ከፍ ያለ 80 ሰዎች ተወሰዱ፤ ገሚሶቹ የእንቅልፍ ምክር ብቻ ተሰጣቸው፣ ስለ ምግብ ምንም አልተባሉም። እነዚህ በአማካይ አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ጨምረው ተኙ፤ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸርም በቀን የሚመገቡት በ270 ካሎሪ ያህል አነሰ። በራሳቸው ቤት፣ ማንም እንጀራ ሳይቆጥርባቸው።

የወር አበባው ላይ የበለጠ ጥንቃቄ እፈልጋለሁ። የወር አበባን የሚመራው ትእዛዝ የሚነሳው አንጎል ውስጥ፣ ከዚሁ ሰዓት ጎረቤት ካለ ቦታ ነው፤ በምት በምት እየተለቀቀ ወደ ፒቱታሪ፣ ከዚያ ወደ ዕንቁላል እጢ ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ ከ70 ሺህ በላይ ነርሶችን ያካተተ ጥናት፣ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ የሚሠሩት ዘንድ የተዛባ የወር አበባ በብዛት እንደሚታይ አሳይቷል። ግንኙነት አለ። እርስዎ ግን ፈረቃ ሠራተኛ አይደሉም፤ በእርስዎ ላይ ምክንያቱ እንቅልፍ ብቻ ነው ብዬ አልፈርምም። የጻፉልኝን ሦስቱን አንድ ላይ ሳያቸው፣ የተራራቀ የወር አበባ፣ የአገጭ ብጉርና የክብደት መጨመር፣ መጀመሪያ የማስበው ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለውን የዕንቁላል እጢ የሆርሞን ችግር ነው። በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ10 አንዷ ገደማ አለባት፤ ብዙዎቹ አያውቁትም። ሰውነት ኢንሱሊንን በአግባቡ አለመጠቀሙ አንዱ ሥሩ ነው፤ ስለዚህ መጥፎ እንቅልፍ ያባብሰዋል። በተገላቢጦሽም ይህ ችግር ያለባቸው ሴቶች እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የመቆራረጥ ሕመም ይበዛባቸዋል። አብሮዎት የሚተኛ ሰው ካለ ያንኮራፉ እንደሆነ ይጠይቁት። ለስምንት ሰዓት ያህል ተኝተው ረፋዱ 5 ሰዓት ሲነሱም ራስዎን የሚከብድዎትና አፍዎ የሚደርቅ ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ምርመራው ከባድ አይደለም። ቀዳሚው የእርግዝና ምርመራ ነው፤ “አይሆንም” ቢሉም ይደረግ። ቀጥሎ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን፣ ፕሮላክቲን፣ የወንድ ሆርሞኖች የሚባሉት መጠን፣ የፆም ስኳርና የማሕፀን አልትራሳውንድ።

አሁን ወደ መኝታው። ዛሬ ማታ በ4 ሰዓት ለመተኛት አይሞክሩ። ሰዓትዎ ወደኋላ ስለተጎተተ ጣሪያ ሲያዩ ያመሻሉ፤ በሦስተኛው ቀን “ለእኔ አይሆንም” ብለው ይተዉታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚጀመረው ከጠዋቱ ነው። በየቀኑ፣ ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይነሱ፤ በእረፍት ቀን ግፋ ቢል 2 ሰዓት። እንደተነሱ ከቤት ውጡ። ደመና በሆነ ጠዋት እንኳ የደጁ ብርሃን ከቤት ውስጡ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እስከ ታክሲ ተራ የ20 ደቂቃ መንገድ ካለዎት በእግርዎ ይሂዱት፤ ለአንጎልዎ ሰዓት ከዚህ የሚበልጥ መድኃኒት ከፋርማሲ አያገኙም። ለሁለት ሳምንት ያህል ሥራ ቦታ ድካም ይሰማዎታል፤ ያ ድካም ማታ በጊዜ የሚያስተኛዎ ነውና ቀን ተኝተው አያባክኑት። መኝታዎን በየሦስት ቀኑ በግማሽ ሰዓት ወደፊት ያምጡ፤ ከሌሊቱ 8 ወደ 5 ሰዓት ለመድረስ ሦስት ሳምንት ያህል ነው።

ስልኩን በተመለከተ፣ ብዙ ሴቶች ምርመራ ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ይነግሩኛል፤ “ያ ሰዓት ብቻ ነው የራሴ” ይሉኛል። ቀኑን ለቢሮ፣ ማታውን ለቤት ሰጥተው የተረፋቸው ሌሊቱ ነው። ይህን ጊዜ ይተዉት ማለት ይከብደኛል፤ ስለዚህ ቦታውን ይቀይሩት እላለሁ። እራትዎን በሳምንት ሦስት ቀን ሠርተው ያስቀምጡ፤ ሌላ ሰው በቤቱ ካለ ሥራውን ይካፈል፤ ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ያለው የራስዎ ይሁን። ከዚያ ስልኩ ሌላ ክፍል ያድራል፤ ለመቀስቀሻ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል።

ስለ ቡና አልጻፉልኝም፤ እኛ አገር ግን ሳይጠየቅ አይታለፍም። የጠጡት ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ማታ 12 ሰዓት አቦል ከጠጡ፣ 5 ሰዓት ላይ ገሚሱ ደምዎ ውስጥ አለ። የቡናውን ሥርዓት ይተዉት አልልም፤ በሥራ ቀን የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ይሁን፣ በእረፍት ቀን ጀበናው ጠዋት ይጣድ። ሐኪምዎ ለወር አበባው የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ካዘዘልዎ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ እንክብሉ ካፌይን በሰውነት የሚቆይበትን ጊዜ እጥፍ ገደማ ያደርገዋል። እንክብል ጀምረው እንቅልፍ እምቢ ያላቸው፣ እኛም በድንገት ጭንቀት ነው ያልናቸው ሴቶች አሉ።

ሌሊት መሥራት ግዴታቸው ለሆነ ነርሶች፣ የጥበቃ ሠራተኞችና በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን ይህ ምክር እንዳለ አይሠራም፤ የመኝታ ሰዓታቸውን ራሳቸው አይመርጡም። ለእነርሱ የምለው ቢቻል ፈረቃው በየሳምንቱ ከሚገላበጥ በአንድ ወገን ይርጋ፣ ከሥራ ሲወጡ የጠዋቱ ፀሐይ ዓይናቸውን እንዳያገኘው ይከልሉ፣ ቀን የሚተኙበትን ክፍል ያጨልሙ፤ መጋረጃ ከሌለ ነጠላ አጥፎ ዓይን ላይ ማሰርም ይረዳል።

ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ የጠዋት መንቃትዎና የማታ ረሃብዎ ሲለወጥ ያስተውላሉ። የወር አበባው ላይ ለመፍረድ ግን ቢያንስ ሦስት ወር ያስፈልጋል። ምርመራውን ያን ያህል አያዘግዩት፤ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ። በአንድ ደብተር ላይ የተኙበትን፣ የተነሱበትንና የወር አበባዎ የመጣበትን ቀን መጻፍ ይጀምሩና ይዘውት ይሂዱ። ደም በሚሰጡበት ቀን ከነቁ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይሙላዎት፤ ስንት ሰዓት ላይ እንደነቁም ለላቦራቶሪው ባለሙያ ይንገሩና ወረቀቱ ላይ ያጽፉት።